የአያቴ የልደት ዓመት በየወረቀቱ ይለያያል፤ ሐውልቱ ላይ የቱን እናስቀርጽ?

ሐረግ ፈላጊዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአያቴን የመቃብር ሐውልት ልናድስ ነው። ድንጋይ ጠራቢው ጽሑፉን በዚህ ሳምንት ስጡኝ ብሎናል። እኛ ግን በተወለዱበት ዓመት መስማማት አቃተን።

መታወቂያቸው 1918 ይላል። ለሕክምና ውጭ ሲሄዱ ያወጡት ፓስፖርት ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1934 ይላል። የክርስትና ወረቀታቸው በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው። ሚያዝያ ፳፫ የሚለው ጥርት ብሎ ይነበባል። ዓመቱም እስከ ፲፱፻፳ ድረስ ደህና ነው። የመጨረሻዋን ቁጥር ግን ውሃ ነክቷት ፮ ትሁን ፯ መለየት አልቻልንም።

ቅድመ አያቴም በዳዊታቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ «ዓርብ መጋቢት ፲፬ በዘመነ ማርቆስ ተወለደ» ብለው በእጃቸው ጽፈዋል። ዓመት አልጻፉም።

የአያቴ ታናሽ እህት በሕይወት አሉ። «ጣሊያን ሲመጣ ወንድሜ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር ስትል እናቴን ሰምቻለሁ» ይላሉ። የእሳቸው መታወቂያ ጥቅምት 1927 ነው የሚለው። አጎቴ «መታወቂያ የመንግሥት ወረቀት ነው፣ አለቀ» ብሏል። እናቴ በዚህ አልተስማማችም። እባካችሁ እርዱን።

የፋይል ሰው

እህቴ፣ መጀመሪያ ፓስፖርቱንና መታወቂያውን ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ባለው ጊዜ የእኛና የፈረንጆቹ ልዩነት 8 ዓመት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ደግሞ 7 ነው። ስለዚህ የፓስፖርቱ 1934 በእኛ 1926 ይሆናል።

አሁን ከ1926 ላይ እንደገና 8 ቀንሺ። 1918! መታወቂያው ላይ ያለው ይኸው ነው። አንድ ሰው 1926ን የፈረንጅ መስሎት ወደ እኛ «መልሶታል» ብዬ እገምታለሁ። በእናቴ ፋይልም ልክ እንዲህ ተደርጎ በ8 ዓመት አርጅታ ነበር። ለማስተካከል ብዙ ተመላልሰናል። ሁለት ቀን በ7፣ በ8 ወይም በ16 ዓመት ሲለያይ ካየሽ ቅድሚያ የምትጠረጥሪው የዘመን ቅየራውን ይሁን።

ጃንዋሪ 1 የምትለዋን ግን እንደ ልደት ቀን አትቁጠሪያት። ዓመቱ ብቻ ሲታወቅ ቅጹን ለመሙላት የምትገባ ቀን ናት።

ጋሼ ባሕረ ሐሳብ

ልጄ፣ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ያ የዳዊቱ ጽሑፍ ነው። አባት የልጁን ልደት በራሱ እጅ ጽፎ ማስቀመጡ ትልቅ ነገር ነው። ዓመት ባይኖረውም ዓመቱን ማውጣት ይቻላል።

ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍይው። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 1926ን ስታካፍዪ 2 ይተርፋል፣ ማርቆስ ነው። 1927 ሉቃስ ነው። ስለዚህ ያቺ የደበዘዘች ቁጥር ፯ ልትሆን አትችልም፣ ፮ ናት።

ግን ተጠንቀቂ። 1918ም ማርቆስ ነው! 8 ለ4 ስለሚካፈል ወንጌላዊው 1918ንና 1926ን ሊለይልሽ አይችልም። እዚህ ላይ ዓርብ የምትለዋ ታግዝሻለች። መጋቢት 14 ቀን 1926 ማርች 23 ቀን 1934 ነው፤ ቀኑም ዓርብ ነበር። በ1918 ግን መጋቢት 14 ማክሰኞ ዋለ። በፊትና በኋላ ያሉትን የማርቆስ ዓመታትም አስልቻቸዋለሁ። በ1922 እሑድ፣ በ1930 ረቡዕ ነው።

ክርስትናውም ይገጥማል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ነው የሚጠመቀው። ከመጋቢት 14 ጀምረሽ ቁጠሪ፣ 40ኛው ቀን ሚያዝያ 23 ላይ ያርፋል። እኔ ደግሜ ቆጥሬዋለሁ፣ አንቺም ቁጠሪው። ሁለት ሰዎች በተለያየ ቦታ የጻፉት እንዲህ ሲገናኝ በጣም ደስ ይላል።

ተጠራጣሪ ነኝ

ጋሼ፣ በሒሳብ ማሳየትዎ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። አያትየው መጋቢት 1926 ከተወለዱ፣ ታናሽ እህታቸው ጥቅምት 1927 ሊወለዱ አይችሉም። በመካከል ያለው 7 ወር ብቻ ነው። ይሄ ሳይፈታ ድንጋይ ላይ ባይጻፍ እመክራለሁ። አጎትሽም ይህን ካስተዋለ ይሟገታል።

እኔ የምጠረጥረው የእህትየውን ቀን ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው መታወቂያ ላይ ያለው ቀን በአብዛኛው ባለቤቱ ትልቅ ከሆነ በኋላ በቃሉ ያስመዘገበው ነው። መታወቂያውን «ይሄን ማን ነገረህ? መቼ?» ብለሽ ብትጠይቂው፣ ከራሳቸው ከእህትየው ሌላ ምንጭ የለውም። ስለዚህ ሂጂና እሳቸውን ጠይቂ። «መቼ ተወለዱ?» አትበያቸው፣ የመታወቂያውን ቀን ይደግሙልሻል። እናታቸው ስለ ልደታቸው ምን ይሏቸው እንደነበር ጠይቂ።

ሐረግ ፈላጊዋ (ጠያቂ)

ዛሬ ሄጄ ጠየቅኋቸው! ጥቅምት 1927ን ያስመዘገቡት ሥራ ሲቀጠሩ ነው አሉኝ። «ዕድሜሽ ስንት ነው ሲሉኝ ገምቼ ነገርኳቸው» አሉ። እናታቸው ግን «ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ ሽሽት ላይ ሆኜ ነው የወለድኩሽ» ይሏቸው ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ጋሼ ባሕረ ሐሳብ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜያቸውን ያርዝምልን። እንግዲህ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። እሳቸው የተወለዱት ከዚያ በኋላ ከሆነ በሁለቱ ልደት መካከል ቢያንስ ሁለት ዓመት አለ። ወንድማቸውም ጣሊያን ሲመጣ ሁለት ዓመት አካባቢ ነበሩ ማለት ነው። «ድክ ድክ የሚል» የተባለው ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1918 ተወልደው ቢሆን 10 ዓመታቸው ነበር፣ ከብት የሚያግድ ልጅ።

የእህትየውን ዓመት ግን በእርግጠኝነት አትጻፊው። «ከ1928 ሚያዝያ በኋላ፣ እናታቸው እንደነገሯቸው» ብለሽ መዝግቢው።

የፋይል ሰው

ሁለት ነገር ልጨምር። 1918ን ከቤተሰብ መዝገባችሁ አታጥፉት። «መታወቂያ ላይ 1918 ተብሏል፣ ሁለት ጊዜ በመቀየሩ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። ነገ የልጅ ልጅ መታወቂያውን አግኝቶ እንደ አዲስ ሙግት እንዳይጀምር። የዳዊቱን ገጽም ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት፣ ቀለም ይደበዝዛል። የክርስትና ወረቀቱን ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከጎን አብርታችሁ እዩት። ብዕሩ ወረቀቱን የጫነበት ቦታ ቀለሙ ቢጠፋም ጥላ ይሠራል።

ድንጋዩ ላይ ደግሞ «ዓ.ም.» የምትለዋን አትርሱ። ያለ እሷ 1926ን አይቶ እንደገና የሚቀንስ ሰው አይጠፋም።

ሐረግ ፈላጊዋ (ጠያቂ)

ስሌቱን ለአጎቴ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ ራሱ አሰላው። ማታ ደውሎ «ዓርብን እንዴት እክዳለሁ?» አለኝ። ድንጋይ ጠራቢው ጋ ነገ የምንወስደው «መጋቢት 14 ቀን 1926 ዓ.ም. ተወለዱ» የሚለውን ነው። ጋሼ፣ ወንድሞቼ፣ ውለታችሁን አልረሳም።