አንዶራ የጎብኚዎቿን ቁጥር በሕግ ልትገድብ ይገባታልን?

አወያይ፦
በአገር ቤትና በአውሮፓ የምትኖሩ የተከበራችሁ ኢትዮጵያውያን የቡድናችን አባላት፣ ለመጪው ጁላይ ወደ አንዶራ የምናደርገውን የጋራ ጉዞ ስናቅድ ከቀንና ከዋጋ ያለፈ አንድ ጥያቄ ስለተነሣ፣ ለብቻው እንድንከራከርበት ከፍቼዋለሁ። አንዶራ በፈረንሳይና በስፔን መካከል፣ በፒሬኔ ተራሮች ውስጥ የተወሸቀች፣ 468 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና ከ80 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት አገር ናት። በዓመት የሚገባባት እንግዳ ግን ከ8 ሚሊዮን ይበልጣል፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ጠዋት ገብተው ማታ የሚወጡ ናቸው። የቤት ኪራይ ነዋሪውን አማርሯል፤ መንገዱም ተጨናንቋል። መንግሥት የጎብኚውን ቁጥር በሕግ መገደብ አለበት ወይስ የለበትም? ደጋፊም ተቃዋሚም ምክንያቱን ያቅርብ፤ ከርእሱ እንዳንወጣ ግን አደራ።

ከቱሉዝ፦
ክቡር አወያይ፣ እኔ መገደብ አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። የምኖረው ከድንበሩ ሩቅ ስላልሆነ የምናገረው የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከፈረንሳይ በኩል ወደ አንዶራ የድንበር ከተማ ወደ ፓስ ዴ ላ ካሳ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የተመለከተ ሰው ስለ ንጹሕ የተራራ አየር የሰማውን ሁሉ ይረሳዋል። መኪናው ተሰልፎ እያዘገመ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ሲደርስ የሚጠብቀውም ሐይቅና ጫካ ሳይሆን የሲጋራ፣ የመጠጥና የሽቶ መደብር፣ ከዚያም የነዳጅ ማደያ ነው። ማታ ሲመለሱ የፈረንሳይ ጉምሩክ ሠራተኛ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ አስከፍቶ ሲጋራውን ይቆጥራል፤ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው 300 ፍሬ ነውና።

የቤቱ ጉዳይ ደግሞ ከመንገዱ ይብሳል። የሆቴሉን አልጋ የሚያነጥፈውና ሳህኑን የሚያጥበው ሠራተኛ በአገሪቱ ውስጥ ማደሪያ እያጣ፣ በስፔን በኩል ላ ሴው ዱርጄል ተከራይቶ በየቀኑ ድንበር ይሻገራል። በቅርብ ዓመታት ነዋሪዎች ስለ ኪራይ ሰልፍ ወጥተዋል፤ መንግሥትም ለቱሪስት ለሚከራዩ አፓርታማዎች አዲስ ፈቃድ መስጠት እስከማቆምና ነባር የኪራይ ውሎችን በሕግ እስከማራዘም ደርሷል። እንግዲህ የአፓርታማውን ቁጥር መገደብ ሕጋዊ ከሆነ፣ የመኪናውንና የሰውን ቁጥር መገደብ ለምን ነውር ይሆናል? አገሪቱ አውሮፕላን ማረፊያም ባቡርም የላትም፤ ዋና መግቢያዎቿም አንዱ ከፈረንሳይ አንዱ ከስፔን፣ ሁለት ብቻ ናቸው። ለመቁጠር ከዚህ የተመቸ አገር አላውቅም።

ከባርሴሎና፦
የቱሉዙ ወንድማችን ያዩትን አልክድም፤ መደምደሚያቸው ግን ውሃ አያነሳም። ሰዉን ወደ ፓስ ዴ ላ ካሳ የሚጎትተው ተራራው ሳይሆን የታክስ ልዩነቱ ነው። የአንዶራ የፍጆታ ታክስ 4.5 በመቶ ሲሆን የፈረንሳይ 20፣ የስፔን ደግሞ 21 በመቶ ነው። ይህ ልዩነት እንዳለ ሆኖ በር ላይ ቆጣሪ ማቆም፣ ሰልፉን ከሱቁ ደጃፍ ወደ ኬላው ማዛወር ብቻ ነው። መንግሥት ሲጋራውን በርካሽ እየሸጠ ገዢውን «በዛህብኝ» ሊለው አይችልም።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ቱሪዝም ከመምጣቱ በፊት እነዚህ ሸለቆዎች በበግ እርባታ፣ በትምባሆ ማሳና በኮንትሮባንድ የሚኖሩ ነበሩ፤ የአንዶራ ከተማ የሆነችው ሳንት ጁሊያ ዴ ሎሪያ ዛሬ የትምባሆ ሙዚየም ያላት በዚሁ ምክንያት ነው። ወጣቶቻቸውም እንጀራ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይና ወደ ባርሴሎና ይሰደዱ ነበር፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ቡድን አባላት ማስረዳት አያስፈልገኝም። የግለሰብ ገቢ ግብር እንኳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን ጣሪያው 10 በመቶ ነው። እንግዳው ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቀነሰው ማን እንደሆነ አስቡት። ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የውጭ አገር ዜጋ ነው፤ ዜግነት ለመጠየቅ በመደበኛው መንገድ 20 ዓመት መኖር ይጠበቅበታል፤ እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ገደቡን የሚወስነው የራሱ ቤት ያለው ዜጋ ይሆናል፤ በገደቡ ሥራውን የሚያጣው ግን ድምፅ የሌለው አስተናጋጅ ነው። እኔ በአንድ ሆቴል ሠርቼ ስለማውቅ፣ የክፍል ቁጥር ሲቀንስ የማን ስም ከተራ ሰሌዳው እንደሚፋቅ አይቻለሁ።

ከአዲስ አበባ፦
የሁለታችሁም ክርክር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁለታችሁም የምታወሩት መኪናውን አስነሥቶ መሄድ ስለሚችል ሰው ነው። እኛ ዘንድ ገደቡ አስቀድሞ ተጥሏል። አንዶራ የሼንገን፣ ማለትም በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች ስምምነት፣ አባል አይደለችም። አጭር ጉብኝት ለሚያደርግ ሰው የራሷን ቪዛ ባትጠይቅም፣ ወደ እርሷ መግባት ከሼንገን መውጣት፣ ወደ ባርሴሎና ወይም ወደ ቱሉዝ መመለስም እንደገና መግባት ነው። ስለዚህ ተጓዡ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በወሰነው መሠረት ለኢትዮጵያውያን ይህ ዓይነቱ ቪዛ እንዳይሰጥ ታግዷል፤ የማመልከቻው መደበኛ የጥበቃ ጊዜም ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ አንዶራ የገባ ወገናችን፣ በአየር የሚወጣበት ማረፊያ እንኳ በሌለባት አገር፣ በሕግ አነጋገር መመለሻ የለውም። ኬላው ላይ ሁልጊዜ ፓስፖርት አይጠየቅም የሚሉ አሉ፤ የቪዛ ታሪኩን በዕድል ላይ የሚያስይዝ ግን ሞኝ ነው። ሁለት ርእሳነ ብሔር ባሏትና ከእነርሱም አንዱ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት በሆነባት አገር ይህ መሆኑ፣ እንዲያው በነገራችን ላይ፣ ያስገርማል።

ይህን የማነሣው ለማማረር አይደለም። በር ላይ ሰው መቁጠር ሲጀመር ቆጠራው ፓስፖርት ወደ መምረጥ እንደሚያዘነብል እኛ በራሳችን አይተነዋል። ስለዚህ ገደብ ካስፈለገ፣ ሰውየው ከየት መጣ ሳይሆን በምን መጣ የሚለውን ይመልከት።

አወያይ፦
ለግንዛቤ ያህል፣ በስፔንና በፈረንሳይ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ አባላት ይህ ችግር አይመለከታችሁም፤ ካርዱንም ፓስፖርቱንም መያዝ እንዳትዘነጉ። ወደ ነገራችን እንመለስ።

ከማድሪድ፦
የአዲስ አበባው ወንድማችን «በምን መጣ» ያሉት የክርክሩ ቁልፍ ይመስለኛል፤ አንዶራ ራሷ በከፊል የሞከረችው ነገር ነውና።

የማድሪዩ–ፔራፊታ–ክላሮር ሸለቆን ውሰዱ። ከአገሪቱ ስፋት አንድ አሥረኛውን የሚጠጋው ይህ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የመኪና መንገድ ግን የለውም። ከኤስካልዴስ ከተማ ሕንፃዎች ጀርባ የሚጀምረው በድንጋይ የተነጠፈ የእግር መንገድ በግራና ቀኝ ያለ ጭቃ በተካበ ግንብ ታጥሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ትንሽ እንደ ሄዱ የከተማው ጩኸት በወንዙ ድምፅ ይዋጣል፤ ከዚያ የተተዉ እርከኖች፣ የእረኞች የድንጋይ ጎጆዎችና ብረት ይቀልጥባቸው የነበሩ ቦታዎች ይታያሉ። ኬላ የለም፤ ትኬት የለም፤ ማንም ፓስፖርት አይጠይቅም። ሆኖም አይጨናነቅም፤ ምክንያቱም ሽቅብ መውጣት የማይፈልግ ሰው በራሱ ጊዜ ይቀራል። ኢንክለስ ሸለቆ ላይ ደግሞ መንገድ ስላለ፣ በጁላይና በኦገስት በቀኑ ሰዓት የግል መኪና ታግዶ ጎብኚው በእግሩ ወይም በትንሿ የቱሪስት ባቡር ይገባል። በካኒዮ 603 ሜትር የሚረዝመው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይም የሚደረሰው በተዘጋጀ አውቶቡስ ነው። ሦስቱም ቦታ ላይ የተገደበው ጎማው ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የአሁኑ ክፍያ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሚያድር እንግዳ እንደ ማረፊያው ደረጃ በአዳር ከ1 እስከ 3 ዩሮ የሚደርስ ግብር ይከፍላል። ማለትም ከባርሴሎና በአውቶቡስ መጥቶ ሦስት ሌሊት የሚያድረው፣ በየምግብ ቤቱ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ይከፍላል፤ ብቻውን በመኪና መጥቶ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሲጋራ ጭኖ የሚመለሰው ምንም አይከፍልም። እኔ ገደብ እደግፋለሁ፤ የሚጣለው ግን በመኪና ማቆሚያው ላይ፣ በክፍያ መልክ ይሁን።

ከቱሉዝ፦
እኅታችን ስለ ማድሪዩ የተናገሩት ልብ ይነካል፤ ነገር ግን መንገድ ያልተሠራበትን ሸለቆ ለተሠራበት አገር ምሳሌ ማድረግ ይቻላልን? ኢንክለስ ሲዘጋ መኪናው የትም አልጠፋም፤ ወደ ሌላው ሸለቆ ዞረ፤ አልሸሹም ዞር አሉ። የማቆሚያ ክፍያውንም ቢሆን ነጋዴው መቋቋሚያ አያጣለትም፤ «ከዚህን ያህል በላይ ለገዛ ማቆሚያ በነፃ» ብሎ በደረሰኝ ቢመልስለት፣ ብዙ ሲጋራ የገዛ ነፃ ቆመ፣ ተራራ ሊያይ የመጣ ግን ከፈለ ማለት ይሆናል። የበረዶውን ወቅትም አትርሱ። ግራንድቫሊራ ብቻውን 210 ኪሎ ሜትር ገደማ የበረዶ መንሸራተቻ አለው፤ በረዶ በሚጥልበት ቅዳሜ ያን ሁሉ ሰው በእግር አምጡት ልትሉን አትችሉም።

ከባርሴሎና፦
ስለ ደረሰኙ የተናገሩት እውነት ነው፤ በሕጉ ላይ ግን «ተመላሽ አይደረግም» የሚል አንድ መስመር ይዘጋዋል። የበረዶው ነገር ቀላል ነው፤ የመንሸራተቻ ትኬት የሚሸጠው ድርጅት የቀኑን ቁጥር በራሱ መወሰን ይችላል፤ ለዚያ አገራዊ ሕግ አያስፈልግም። እኔ አሁንም በሰው ቁጥር ላይ የሚጣል ገደብ እቃወማለሁ፤ በመኪና ላይ ከሆነ ግን፣ ለሠራተኛው ከላ ሴው የሚያመላልስ ርካሽ አውቶቡስ አብሮ እስከቀረበ ድረስ፣ አልከራከርም። አለዚያ ቀድሞ የሚቀጣው ለሥራ የሚመጣው ነው።

ከአዲስ አበባ፦
ከዚህ ተነሥቶ ስለ ጉዞው አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ ምንም እንኳ እኔ ባልሄድም። ከባርሴሎና አየር ማረፊያ በቀጥታ የሚሄድ አውቶቡስ አለና መኪና አትከራዩ። ከዋና ከተማዋ የገበያ ጎዳና ይልቅ ኦርዲኖ በምትባለው መንደር እደሩ፤ መግቢያና መውጫችሁም ቅዳሜ አይሁን። የስልክ ነገርም አለ፤ አንዶራ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች በኅብረቱ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሠራው ሲም እዚያ ላይሠራ ወይም ብዙ ሊያስከፍል ይችላል፤ ዳታችሁን ኬላው ላይ አጥፉት።

ከቱሉዝ፦
በአውቶቡሱም በኦርዲኖም እስማማለሁ፤ ኮታ ያስፈልጋል በሚለው ግን እንደ ጸናሁ ነኝ። ሁላችንም መኪና ትተን በአውቶቡስ ብንሄድ ያ መልካም ፈቃዳችን ነው፤ እኔ የምጠይቀው መልካም ፈቃድ ለሌለው ቅዳሜ ሕግ ምን ያደርጋል የሚለውን ነው፤ ለዚህም እስካሁን ከማቆሚያው ክፍያ በቀር የቀረበልኝ መልስ የለም።

አወያይ፦
እንግዲያው የማቆሚያ ክፍያውን ከኮታው ጋር ለየብቻ ድምፅ እንስጥባቸው። የጉዞውን ቀን በተመለከተ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ የሚለውን የሚቃወም አባል እስከ እሑድ ያሳውቀኝ፤ የኦርዲኖን ማረፊያ ከዚያ በላይ ማቆየት አልችልም።