የፈንታሌው መንቀጥቀጥ ካራቆሬን ሊቀሰቅስ ይችላል? ክርክር

የኮምቦልቻው፦ የካቲት 2017 ዓ.ም. መተሐራ አጠገብ ባለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ አካባቢ በመጠን 6.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። አምፖሉ ተወዛወዘ፣ ጎረቤቶቼ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረዱት። ከዚያ ወዲህ «ፈንታሌ ካራቆሬን ቀስቅሶታል፣ ቀጥሎ እኛ ነን» የሚል ወሬ አለ። ካራቆሬ ያልኩት በደሴ መንገድ ላይ ያለችውን ከተማ ነው፣ የአዲስ አበባውን ሰፈር አይደለም። እውነት አንዱ መንቀጥቀጥ ሌላ ቦታ ሌላውን ያስነሳል?

የሐይቁ ልጅ፦ ያስነሳል እንጂ! ቱርክን አላያችሁም? ጥር 29 ቀን 2015 ሌሊት 7.8 መታ፤ በዘጠኝ ሰዓት ልዩነት ደግሞ 7.5። ሁለተኛው ሌላ የምድር ስንጥቅ ላይ ነው የተነሳው።

ሹፌሩ፦ ኧረ በአላህ አታስፈራሩን! በካራቆሬ በኩል ስመላለስ ነው የምውለው። ፈንታሌ ፈንታሌ ነው፣ ካራቆሬ ካራቆሬ ነው።

የፊዚክስ መምህሯ፣ ደሴ፦ አንድ ነገር እንለይ። ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ላይ የተሰማህ አዲስ መንቀጥቀጥ አይደለም። የዚያው የፈንታሌው ሞገድ ነው አንተ ጋ የደረሰው። ወሬው የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው።

መቀስቀስ ግን አለ። ስንጥቁ ሲንሸራተት አጠገቡ ባለው ድንጋይ ላይ ጫና ይጨምራል። ጫናው ደግሞ ከርቀት ጋር ቶሎ ይሟሽሻል። የ6.0 መንቀጥቀጥ ስንጥቅ ርዝመቱ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ካራቆሬ ከፈንታሌ በቀጥታ መስመር 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቱርክ ላይ 7.8ቱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሰንጥቋል፤ 7.5ቱም እዚያው ጎረቤት ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ሞገዱ ሲያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ካሊፎርኒያ፣ ላንደርስ 7.3 ሲመታ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው የሎውስቶን በተባለው የአሜሪካ ፓርክ ውስጥ ትናንሽ መንቀጥቀጦች ተነሱ። ቦታው ከሥሩ ፍል ውሃና ቅልጥ ዐለት ያለበት ነው፣ ሰበብ ብቻ ይፈልግ ነበር።

የሐይቁ ልጅ፦ ይኸው! እኛስ አፋር አጠገባችን አይደል? ደግሞ ትናንሽ ብቻ አትበይ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሱማትራ አጠገብ 8.6 ከመታ በኋላ ለቀናት ያህል በየአህጉሩ ከ5.5 በላይ የሆኑ በዝተዋል።

መምህሯ፦ ልክ ነህ፣ እሱ ተመዝግቧል። ግን የ8.6 ጉልበት ከ6.0 ወደ 8,000 እጥፍ ይሆናል። ፈንታሌን ከዚያ ጋር ማወዳደር አይሆንም።

ከከሚሴ፦ እናንተ ልጆች፣ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ ስትፈርስ፣ ካራቆሬም ግማሽ ያህሉ ቤት ሲወድቅ ማን ቀሰቀሰው? አባቴ ሲያወራው ነው ያደግኩት። ያ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ የማንንም ግፊት አይጠብቅም።

መምህሯ፦ ኑሩልኝ ጋሼ! የኔም ነገር ይኸው ነው። ጠርዙ በራሱ ጊዜ ጫና እያጠራቀመ ነው። ፈንታሌ ባይነቃነቅም ካራቆሬ ሊነሳ ይችላል፣ ፈንታሌ ስለተነቃነቀ ግን ተራው ደረሰ አይባልም። ቀን ቆርጦ የሚነግራችሁ ካለ አትስሙት።

ሹፌሩ፦ አብሽሩ በሉን እንግዲህ!

የሐይቁ ልጅ፦ እኔ አልተዋጠልኝም። አፋር ውስጥ ቅልጥ ዐለት እየተንቀሳቀሰ «ርቀት አለው» ብሎ ነገር ምንድን ነው?

ግንበኛው፣ ደሴ፦ ተቀሰቀሰም አልተቀሰቀሰም፣ እኔን የሚያሳስበኝ ኮለኑ፣ የቤቱ የኮንክሪት ምሰሶ ነው። ፌሮ ውድ ነው ብለው «ስታፋውን አራርቀህ እሰር» የሚሉኝ ባለቤቶች አሉ፤ ስታፋ ማለት የኮለኑን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስረው የብረት ቀለበት ነው። ያውም ተዳፋት ላይ! መምህር፣ ባይሆን ለነሱ አንድ ነገር ጻፊላቸው።