«የምንጠብቀው ዶሮውን ነው» ስላሉት አባ

የኮዬ ልጅ፦ ዛሬ ከገና በፊት ባለው የስብከት እሑድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን አባ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «በዚህ ጾም ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ክርስቶስን ሳይሆን የገናውን ዶሮ ነው»። ኮዬ ፈጬ ላይ ቆመው! አጠገቤ የነበሩት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አቀረቀሩ። እዚህ ሰፈር ዶሮ ለመግዛት የሚያስብ ካለ እስኪ እጁን ያውጣ።

እታለም፦ ስብከቱን ለምን ቆረጥከው? ኢሳይያስ ክርስቶስ ከመወለዱ 700 ዓመት ገደማ በፊት ተናግሮ ሳያይ አለፈ፣ እኛ ታኅሣሥ 29 እስኪደርስ እንቸኩላለን ነው ያሉት። ሰው ድሃ ቢሆንም መጠበቅ ይችላል። ስድቡ የቱ ጋ ነው?

የኮዬ ልጅ፦ «ድሃ ቢሆንም»! እግዜር ይስጥሽ እህቴ።

ታዛቢ፦ እኔም «ድሃ ቢሆንም» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። የምሥራቹን መጀመሪያ የሰሙት እኮ ሜዳ ያደሩ እረኞች ናቸው። «ቢሆንም» ተብለው ነው የተጠሩት?

እታለም፦ ሰው ጤፍ ስንት ገባ ሲል ዝም ትላላችሁ፣ እኔ ላይ ቃል ትለቅማላችሁ።

የኮዬ ልጅ፦ ድሃ ብንሆንም እንለቅማለን።

የሶዶው፦ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ወላይታ ሶዶ እያለን ከገና በፊት በየእሑዱ አንድ ሻማ እየጨመርን አራት ስናደርስ ልጆቹ ገና መድረሱን ያውቁ ነበር። በሦስተኛው እሑድ ካህኑ ሮዝ ልብስ ይለብሳል። እዚህ ወሬው ዶሮ ሆነ።

መዝሙረኛው፦ አዲስ አበባ የሚቀደሰው በግዕዝ ሥርዓት ነው ወንድሜ። እሑዶቹም ሦስት ናቸው፦ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። አራተኛውን ሻማ ለማን ልታበራ ነው? ለነገሩ ሻማውን በ1839 እ.ኤ.አ. ሐምቡርግ ላይ የጀመረው የሉተራን ፓስተር ነው፤ በጋሪ ጎማ ላይ ደርድሮ፣ ለሚያሳድጋቸው ድሃ ልጆች።

የሶዶው፦ ለድሃ ልጆች ከሆነማ ኮዬን ማን ይቀድመዋል?

መዝሙረኛው፦ በዚያው ዓመት የካቶሊክ ሚሲዮናዊው ቅዱስ አቡነ ያዕቆብ (ጀስቲን ደ ያቆቢስ) ከጣሊያን መጥተው አድዋ ገቡ። እሳቸው የእኛን ሥርዓት አክብረው ያዙ፣ አንተ የሐምቡርግ ጎማ ትናፍቃለህ። በ1964 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ባወጣው ሰነድ እንደኛ ያሉ የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊኮችን ሥርዓታችሁን ጠብቁ አለ፤ አለቀ።

የሶዶው፦ ያው ሰነድ ሥርዓቶቹ ሁሉ እኩል ክብር አላቸው ይላል፣ እሱን ዘለልከው። ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ሐዋሳ፣ መቂ በላቲን፣ ማለትም በምዕራቡ ካቶሊክ ሥርዓት የሚቀድሱ ናቸው። ካቶሊክ አይደሉም በለኛ!

ታዛቢ፦ ግማሹ ምዕመን ከደቡብ የመጣ ነው፣ ይሄም ይታሰብ።

መዝሙረኛው፦ መጥቶ የአገሩን ሥርዓት ይማራላ።

የሶዶው፦ «የአገሩን»? ሶዶ የማን አገር ነው?

የኮዬ ልጅ፦ ኧረ ዶሮው ላይ ነበርን!

እታለም፦ አባ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ይቆማሉ። መስቀል ተሳለምና ራሳቸውን ጠይቃቸው፣ እዚህ ከምታማ።

የኮዬ ልጅ፦ እጠይቃለሁ። ያንቺን «ድሃ ቢሆንም»ም ጨምሬ።

የሶዶው፦ መዝሙረኛው፣ ስለ ሶዶ አልመለስክልኝም።