ስኬሊንግ በበዛ ሳምንት ሌሊት የሚደነዝዝ እጅ፦ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ
ሰላም የሙያ አጋሮች። በቀን ሰባት ስምንት ስኬሊንግ (የጥርስ ድንጋይ ማንሣት) በእጅ መሣሪያ ሲሠራ፣ የቀኝ እጅ አውራ፣ ሌባና መሃል ጣት ሌሊት ይደነዝዛሉ፤ ሲያራግፉት ይለቃል። ትንሿ ጣት ደህና ናት። ሥራ ሳይቋረጥ ምን ይስተካከላል?

መልስ 1
ትንሿ ጣት ከተረፈች የተጫነው ሚዲያን ነርቭ (ወደነዚያ ሦስት ጣቶች የሚሄደው)፣ ቦታውም የእጅ አንጓው ላይ ይመስላል። እሷ ብትሆን የምትደነዝዘው ክርንን እንጠረጥር ነበር። የሁለቱን እጆች ጀርባ አጋጥመው፣ ጣቶቹ ወደ መሬት እንዲያዩ አድርገው 60 ሰከንድ ይቆዩ፤ መውረሩ ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አንገት ሲዞር ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ካለ ግን አንገትም ይታይ።

ሌሊት ለ6 ሳምንት ስፕሊንት (አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ) ያድርጉ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አንጓውን ወደ ኋላ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያጥፋል፤ ያ ራሱ ነርቩን ይጫናል። ብረቱን አውጥተው ያቅኑት። ስኳርና ታይሮይድም ይመርመሩ።

መልስ 2
እኔ መጀመሪያ የማየው ስለቱን ነው። የዶለዶመ ኪዩሬት (ድንጋይ የሚፋቅበት ስለታም የእጅ መሣሪያ) የጥርስ ድንጋዩን አይቆርጥም፣ ይንሸራተታል፤ ያኔ እጅ ሳይታወቀው ቆንጥጦ ይይዛል፣ ምቱም ይደጋገማል። ሲስሉ በመሳያው ድንጋይና በምላጩ ፊት መካከል ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ይጠብቁ፤ ከዚያ ካለፈ ስለቱ ይሳሳና ቶሎ ይዶለዱማል። በፕላስቲክ ዘንግ ይሞክሩት፦ ካልነከሰ አልተሳለም። እጀታው 10 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት፣ ክብደቱ ከ15 ግራም ያልበለጠ ይሁን።

የጠነከረውን የጥርስ ድንጋይ በአልትራሶኒክ (በንዝረት በሚሠራው መሣሪያ) ያንሱ፣ ግን አይጨብጡት። ገመዱ እጅን ከጎተተ በክንድ ላይ ያሳልፉት።

መልስ 3
በስለቱ እስማማለሁ፤ ወንበሩ ግን ይቀድማል። የታካሚው አፍ ከክርንዎ ከፍታ በላይ ከሆነ ትከሻ ይነሣል፣ አንጓ ይታጠፋል፤ የተሳለ መሣሪያም አያድንም። ለላይኛው ጥርስ ሙሉ በሙሉ ያስተኙ፣ አገጭ ወደ ላይ። ጣትዎን ጥርስ ላይ አሳርፈው በክንድ ይሳቡ እንጂ በጣት አይቆፍሩ።

ድንዛዜው ቀንም ካልለቀቀ፣ ዕቃ ከእጅ ከወደቀ ወይም በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሳሳ 6 ሳምንት አይጠበቅም፤ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ያስፈልጋል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ጓንትስ? ያለን ለሁለቱም እጅ የሚሆነው ብቻ ነው።

መልስ 2
እሱ አውራ ጣትን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ቀኑን ሙሉ እየታገሉት ነው። ስቴራይል ጓንት ግራና ቀኙ የተለየ ነው፣ ዋጋው ግን ለየቀኑ አይቀመስም። ካልተገኘ አንጓ ላይ የማያጠብቀውን ይምረጡ፤ ሲያወልቁ የላስቲኩ መስመር ቆዳ ላይ ከቀረ ጠቧል።