ወጥመዶቻችንን ወሰዱብን! ከድሮው ኮሚቴ የተሰጠ ፈቃድ አሁን አይሠራም ማለት ነው?

የዳርቻው ሰው
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ዛሬ ጠዋት መኮንኖች በጀልባ መጥተው የሎብስተር (የሸርጣን ዘመድ የሆነ የባሕር እንስሳ) ወጥመዶቻችንን ጭነው ሄዱ። የሰጡን ወረቀት «ያለ ፈቃድ» ይላል። ጀልባዋ የጎረቤቴ ናት፤ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነው፣ እኔ አብሬው ነው የምሠራው። እሱ ከድሮው የባሕር አሣ ኮሚቴ የተሰጠው ፈቃድ አለው። አውጥቶ ቢያሳያቸው «ይህ ኮሚቴ ከፈረሰ ቆየ» ብለው መለሱለት። ኮሚቴው ከፈረሰ ደንቡስ አብሮ አይፈርስም? ደግሞ እነዚህ የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ሰዎች እንጂ ፖሊስ አይደሉም። ንብረት የመውሰድ መብት አላቸው? ለቃለ መጠይቅ እንጠራችኋለን ብለዋል። ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሊድሷ
ወንድሜ አይዞህ። ወረቀቱ ላይ ስልክ አይጠፋም፣ ነገ ጠዋት ደውልላቸው።

የጾም ሰው
ሎብስተር?! ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ማን ሊበላልህ ነው? እናትህ ከሰሙ ከመኮንኖቹ በፊት እሳቸው ናቸው ወጥመዱን የሚወስዱት 😂 ለማንኛውም እግዚአብሔር ይርዳህ።

ኤዲንብራ ነኝ
መጀመሪያ የት እንዳለህ ንገረን። እኔ ያለሁት ስኮትላንድ ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የራሳችን የባሕር ሕግ አለን፤ የአካባቢ አሣ አስጋሪ ቡድኖቻችን ምክር ይሰጣሉ እንጂ ደንብ አያወጡም። ዌልስም ኮሚቴዎቹን አፍርሶ ሥራውን ለራሱ መንግሥት አስረክቧል። «ዩኬ ነኝ» ብቻ ካልክ ሰው የተሳሳተ መልስ ይሰጥሃል።

የዳርቻው ሰው
እንግሊዝ፣ ደቡቡ ዳርቻ። ሩቅ አንወጣም፣ ወጥመዱን ስናነሣ ቤታችን ይታየናል።

ጋሽ መረብ
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ብታውቀው ነገ ከሰዎቹ ጋር ስትነጋገር አትደናገርም። እንግሊዝ አገር የዳርቻን አሣ በአካባቢ ኮሚቴ ማስተዳደር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1888 በወጣ ሕግ ነው። በ1966 ሌላ ሕግ ተተካ እንጂ አሠራሩ ያው ነበር። የመረቡ ዓይን ምን ያህል ይሁን፣ ሸርጣን ስንት ሴንቲ ሲደርስ ይያዝ፣ በየትኛው ወር ይከልከል የሚለውን የሚወስኑት ኮሚቴዎቹ ነበሩ። ጎረቤትህ በዚያ ዘመን የሠራ ሰው ነው፣ ስለዚህ ቢናደድ አልፈርድበትም።

ከዚያ በኖቬምበር 2009 አዲሱ የባሕርና የባሕር ዳርቻ ሕግ ወጣ። ኮሚቴዎቹ ቀሩ። ከኤፕሪል 1 ቀን 2011 ጀምሮ 10 የባሕር ዳርቻ አሣ ሀብትና ጥበቃ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶች ተተኩ። ሰው ሁሉ «ኢፍካ» ነው የሚላቸው። ከኮርንዎል እስከ ኖርተምበርላንድ ዳርቻውን ተካፍለውታል፤ ትንንሾቹ የሲሊ ደሴቶች እንኳ የራሳቸው አላቸው። ክልላቸው እስከ 6 የባሕር ማይል ይደርሳል፣ በእኛ ልኬት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ ወዲያ ኤምኤምኦ የሚባለው የአገር አቀፍ የባሕር አስተዳደር ድርጅት አለ፤ እሱንም ያቋቋመው ይኸው ሕግ ነው።

ትልቁ ለውጥ የስም አይደለም። «ጥበቃ» የምትለዋ ቃል ሥራቸው ውስጥ ገባች። አሣ አስጋሪው እንዲጠቀም ማድረግም፣ ባሕሩን መጠበቅም፣ ሁለቱን ማመጣጠንም በሕግ የተጣለባቸው ግዴታ ነው። ቦርዱ ላይ የምክር ቤት ተመራጮች ይቀመጣሉ። ኤምኤምኦ የሚሾማቸው ባሕሩን የሚያውቁ ሰዎችም አሉ፤ ከእነሱም ውስጥ አሣ አስጋሪዎች ይገኛሉ። ከኤምኤምኦ፣ ከአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና ከተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ አንዳንድ ሰው ይጨመራል።

ሊድሷ
ጋሼ ትምህርቱ ግሩም ነው፣ ልጁ ግን ነገ ምን ያድርግ? እኔ አሁንም ደውል ነው የምለው።

ቀጥታ ተናጋሪ
ጥያቄው ራሱ ሁለት ቦታ ላይ ተሳስቷል፣ ይቅርታ አድርግልኝ። አንደኛ፣ የካውንስል ሰዎች አይደሉም። ገንዘባቸው ከካውንስል ይመጣል፣ ተመራጮችም ቦርዱ ላይ አሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን በሕግ ራሱን የቻለ ነው። መኮንኖቹም ጀልባ ላይ የመውጣት፣ የመፈተሽና ማስረጃ የመያዝ ሥልጣን ከ2009ኙ ሕግ አግኝተዋል። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ፈረሰ ማለት ደንቡ ፈረሰ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የድሮ ደንቦች ለአዲሶቹ ባለሥልጣናት ተላልፈዋል፤ እስኪሻሩ ወይም እስኪተኩ ድረስ ይሠራሉ።

የዳርቻው ሰው
እንግዲያው ደንቡ ከተላለፈ ፈቃዱስ ለምን አልተላለፈም? ሽማግሌው እኮ ስሙ ያለበት ወረቀት ይዟል።

ሕግ አንባቢ
ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለህ አንብበው።

ደንቡ መተላለፉና የአንድ ሰው ወረቀት ለዘላለም መሥራቱ ይለያያሉ። ከ2011 ወዲህ ብዙዎቹ ኢፍካዎች የድሮውን እየሻሩ አዲስ የፈቃድ ደንብ አውጥተዋል። በአዲሶቹ ደንቦች ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወጥመዱ ላይ የሚታሰር መለያ ቁጥር አብሮት አለ። ስለዚህ ዛሬውኑ የአካባቢያችሁን ኢፍካ ድረ ገጽ ክፈትና የሸርጣንና የሎብስተር ፈቃድ ደንቡን ፈልግ። መጨረሻው ላይ የትኞቹ የድሮ ደንቦች እንደተሻሩ ይጻፋል። የሽማግሌው ወረቀት የተሰጠበት ደንብ እዚያ ውስጥ ካለ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ከሌለ ግን የምትከራከሩበት ነጥብ አገኛችሁ፤ ገጹን አትማችሁ ያዙ።

አንድ ነገር አልነገርከንም። ትሸጣላችሁ ወይስ ለቤት ነው? ጀልባዋ የንግድ አሣ ማስገሪያ ፈቃድ አላት?

የዳርቻው ሰው
ለቤት ነው። አልፎ አልፎ ለሰፈር ሰው እንሰጣለን። የሰፈሩ ሰውም ለነዳጅ ትንሽ ይከፍለናል።

ሕግ አንባቢ
ይሄን ነገር በአደባባይ ባትደግመው ይሻላል፣ ወንድሜ። ፈቃድ ከሌለው ጀልባ የተያዘን መሸጥ ክልክል ነው። የነዳጅ ብላችሁ የተቀበላችሁትም እንደ ሽያጭ ሊታይባችሁ ይችላል። ለጠበቃ ግን ሁሉንም እውነቱን ንገሩ።

ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሰው ገደቡ ጥብቅ ነው፣ ከቦታ ቦታም ይለያያል። ኖርተምበርላንድን ብንወስድ ለመዝናኛ 5 ወጥመድና በቀን 1 ሎብስተር ነው የሚፈቀደው። የእናንተን ከራሳችሁ ደንብ ላይ እዩ። መጠኑንም አትርሱ፤ የሎብስተር ዝቅተኛው የጀርባ ጠንካራ ሽፋን ርዝመት 87 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዚያ ከፍ ያደረጉ አካባቢዎችም አሉ። እንቁላል ያዘለች ሎብስተር ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በመላው እንግሊዝ አትያዝም፤ ወዲያው ወደ ባሕር ነው የምትመለሰው።

ቃለ መጠይቁን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። በማስጠንቀቂያ የሚደረግ ከሆነ የምትናገሩት ነገር ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። እንግሊዝኛህ ለገበያ ቢበቃም ለዚህ ላይበቃ ይችላልና አስተርጓሚ እንደምትፈልግ አስቀድመህ በጽሑፍ አሳውቃቸው። የወሰዱትን ዕቃ ዝርዝርም በጽሑፍ ጠይቁ።

ውጤቱ ከቃል ማስጠንቀቂያ እስከ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። ሕጉ ሲወጣ የቅጣቱ ጣሪያ 50,000 ፓውንድ ነበር፤ ከ2015 ጀምሮ ግን ጣሪያ የለውም። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም፣ ቀኑን እንዳታሳልፉት ነው።

የጾም ሰው
50,000 ፓውንድ? በዚያ ብር ስንት በሬ ይገዛ ነበር! ሎብስተሩን ተወውና ሽሮ ብላ።

ኒውሄቨን
እኔ የማይዋጥልኝ ሌላ ነገር ነው። ጥበቃ ጥበቃ ይሉና የሚይዙት አምስት ወጥመድ ያለውን ሽማግሌ ነው። የባሕሩን ወለል የሚያርሱት ትልልቆቹ መርከቦች ግን እንዳሻቸው ናቸው።

ጋሽ መረብ
ልጄ፣ እሱ ላይ አልስማማም። ሰሴክስን ተመልከት። ከዳርቻው ወዲያ ትልቅ የባሕር አረም ደን ነበር፣ ኬልፕ የሚሉት። ከ1980ዎቹ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። ማዕበሉም አለበት፣ ወለል ላይ የሚጎተተው መረብም አለበት። የአካባቢው ኢፍካ መረብ መጎተትን የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ በ2021 ሚኒስትሩ አጸደቀው። 300 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያህል ባሕር ተዘጋ። ይህ ትልልቆቹን መንካት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ለትንሹ ወጥመድ አጥማጅ ደግሞ የሚጠቅም ነው፣ ሎብስተሩ የሚጠለለው እዚያ ነዋ።

ኒውሄቨን
እሺ ጋሼ፣ ያንን አልክድም። ግን ደንብ ሲወጣ ማን ጠየቀን? እኛ የምንሰማው ከተያዝን በኋላ ነው።

ሕግ አንባቢ
ይጠየቃል እኮ። ረቂቁ ይታወጃል፣ ተቃውሞ መላኪያ ጊዜ አለው፣ በሚኒስትሩ ካልጸደቀም አይሠራም። ከዚህ ውጪ ያለው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ብቻ ነው፤ እሱም ቢበዛ 12 ወር ይቆያል፣ አንዴ ቢበዛ በ6 ወር ሊራዘም ይችላል። ስብሰባቸውም ለሕዝብ ክፍት ነው። የኛ ሰው ግን አይሄድም። ብንሄድ ቋንቋችንም ችግራችንም ይታወቅ ነበር።

ጣናዬ
ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። እኛም በ1995 ዓ.ም. የወጣ የአሣ ሀብት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 315። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ጣና ላይ ግን አሣው እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዝ ሲወጣ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋበታል፣ የሚቆጣጠር የለም። ባልተፈቀደ ወጥመድ ላይ በጀልባ የሚመጣ መኮንን ብናገኝ እኔ በበኩሌ ቡና አፈላለት ነበር። ወንድሜ በችግርህ መጣሌ እንዳይመስልህ፣ እንዲያው አንጀቴ አርሮ ነው።

የዳርቻው ሰው
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደንቡን አገኘሁት፣ ከሽማግሌው ጋር ቁጭ ብለን እያነበብን ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። አዲስ ፈቃድ በእኔ ስም አውጥቼ በእሱ ጀልባ መሥራት እችላለሁ? እሱ ከእንግዲህ ቅጽ አልሞላም እያለ ነው።

ሕግ አንባቢ
ደንቡ ውስጥ ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰው ነው ወይስ ለጀልባ የሚለውን አንቀጽ እይ። በአንዳንዱ አካባቢ የንግዱ ከጀልባው ጋር ነው የሚታሰረው፣ የመዝናኛው ከሰው ጋር። ማመልከቻውን ብታስገባ ጥሩ ነው፣ ስለተያዘው ጉዳይ ግን ጠበቃው ሳያይልህ ምንም አትጻፍበት። ፈቃዱ በእጅህ እስኪገባ አንድም ወጥመድ ባሕር ላይ አታስቀምጡ። ሌላ የቀረ ካላችሁም ዛሬውኑ አንሡት፤ ስም ወይም ቁጥር የሌለው ቡይ (ወጥመዱ ያለበትን የሚያሳይ ተንሳፋፊ ምልክት) ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

ሊድሷ
ስትደውል የምታናግረውን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፍ። ሽማግሌውንም እህል አስቀምሰው።