ከቻይና የሚመጣ ጭነት ባብ ኤል መንደብን ሳያልፍ ዋጋው ለምን ጨመረ?

አስመጪ ከመርካቶ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከቻይናዋ ኒንግቦ ወደብ የበርና የመስኮት ዕቃዎችን በኮንቴይነር አስመጣለሁ። በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ከተጀመረ ወዲህ የባሕር ማጓጓዣ ሒሳቤ ሲጨምር፣ ትራንዚተሬ የሰጠኝ ምክንያት «የቀይ ባሕር ችግር ነው» የሚል ብቻ ነው። ካርታ ስመለከት ግን የጅቡቲው ዶራሌ ወደብ የሚገኘው ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ከሚያገናኘው ከባብ ኤል መንደብ ሰርጥ በስተደቡብ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ መርከብ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ዕቃዬን አራግፎ ሊመለስ ይችላል። ታዲያ መርከቤ ለማታልፍበት ሰርጥ የምከፍለው በምን ስሌት ነው?

የመርከብ ጭነት ሠራተኛ፦
ካርታውን በትክክል አንብበዋል። ነገር ግን ትልልቆቹ የኮንቴይነር መርከቦች በአብዛኛው ለጅቡቲ ብለው የሚነሡ አይደሉም። ከእስያ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ስዌዝ ቦይ ለመድረስ በጅቡቲ ደጃፍ ስለሚያልፉ የእኛን ኮንቴይነር በመንገዳቸው ያራግፉልን ነበር። የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ከያዙና በሌሎችም ላይ መተኮስ ከጀመሩ በኋላ፣ ዋና ዋናዎቹ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ በኩል ማዞር ጀመሩ። ያን ጊዜ ለጅቡቲ የተጫነ ኮንቴይነር እንደ ዱባዩ ጀበል አሊ ወይም እንደ ኦማኑ ሳላላ ባለ ወደብ ወርዶ፣ ተራ ጠብቆ፣ በአነስተኛ መርከብ እንደገና የሚጫንበት ሁኔታ በዛ፤ ተጨማሪው ማውረድ፣ መጫንና መጠበቅም እያንዳንዱ ዋጋ አለው።

በዚያ ላይ አፍሪካን መዞር ከእስያ ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚደረገውን ጉዞ በ10 ቀናትና ከዚያ በላይ ያረዝመዋል። ያንኑ ጭነት በወቅቱ ለማድረስ ተጨማሪ መርከቦችና ኮንቴይነሮች ስለሚያስፈልጉ፣ ኒንግቦ ላይ ባዶ ኮንቴይነር የሚፈልግ ነጋዴ ሁሉ፣ መድረሻው የትም ይሁን የት፣ ከሌላው ጋር ይሻማል።

መድንም አለ። የለንደን የመድን ገበያ የጦርነት አደጋ ያለባቸውን የባሕር ክልሎች የሚዘረዝር ኮሚቴ አለው፤ የኤደን ባሕረ ሰላጤም በሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ምክንያት ቀድሞውንም በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። መድን ሰጪው የሚጠይቀው ሰርጡን ማለፍዎን ሳይሆን በተዘረዘረው ክልል መግባትዎን ነው። ሥጋቱም በተግባር የታየ ነው፤ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም. 3 መርከበኞች የተገደሉባት ትሩ ኮንፊደንስ የተመታችው በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ነበር። ስለ ዋጋ ስንነጋገር እነዚህን ሰዎች ባንዘነጋ ደስ ይለኛል።

ከግብርና ዘርፍ፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም ኮንቴይነርን ብቻ ካየን ከባዱ ጉዳይ ይቀርብናል። ከሞሮኮ የሚገዛው ማዳበሪያና ከጥቁር ባሕር የሚመጣው ስንዴ ስዌዝን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከሆነ ራሱን ሰርጡን ማለፍ ግድ ይለዋል፤ አለበለዚያ አፍሪካን መዞር ነው። የበርና የመስኮት ዕቃ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ገንዘብ ያስወጣል፤ ማዳበሪያ ግን የዘር ወቅት ካለፈበት ለዚያ ዓመት ለገበሬው አይጠቅመውም። የካቲት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በሁቲዎች ተመትታ የሰጠመችው ሩቢማር የተባለች መርከብ የጫነችው 21 ሺህ ቶን ያህል ማዳበሪያ ለእኛ የታሰበ ባይሆንም፣ ዜናውን የሰማሁት የራሳችን ጭነት የሰጠመ ያህል ደንግጬ ነው።

የባሕር ሕግ ተማሪ፦
እ.ኤ.አ. በ1982 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 125፣ ባሕር የሌላቸው አገሮች በሌላ አገር ግዛት ተሸጋግረው ወደ ባሕር የመድረስ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አፈጻጸሙ ግን ከመሸጋገሪያው አገር ጋር በሚደረግ ስምምነት ይወሰናል። ከወደቡ ባሻገር ያለውን የመርከብ መንገድ ማን ይጠብቀው ለሚለው ጥያቄ ይህ አንቀጽ መልስ የለውም፤ ለእኛ አስጨናቂውም ይህ ነው። ኢትዮጵያ በጥር 2001 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ የባሕር ውንብድናን ለመከላከል የወጣውን የሥነ ምግባር ደንብ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ሆና ፈርማለች። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተመሠረተው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተዋሳኝ አገሮች ምክር ቤት ግን 8 ባለ ጠረፍ አገሮችን ይዞ ኢትዮጵያን አላካተተም። አብዛኛውን የገቢ ዕቃዋን በዚህ ውሃ የምታስገባ አገር ቢያንስ የታዛቢነት ወንበር ይገባታል ባይ ነኝ፤ ወደብን በኃይል ስለመያዝ በተነገረ ቁጥር ግን ባለ ጠረፎቹ ያንን ወንበር ለመስጠት ይበልጥ እንደሚያመነቱም አልጠራጠርም።

አስመጪ ከመርካቶ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሒሳቡ ተዘርዝሮ እንዲሰጠኝ ጠይቄ የመጨረሻው ኮንቴይነሬ ጀበል አሊ ላይ 16 ቀናት እንደቆየ ተረዳሁ፤ የጦርነት አደጋ ክፍያም ለብቻው ተጽፏል። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ጉምሩክ በዚህ ጭማሪ ላይም ቀረጥ ያሰላል?

የመርከብ ጭነት ሠራተኛ፦
አዎን። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ የማጓጓዣውና የመድኑ ወጪ ተደምሮ ስለሆነ፣ በባሕር ላይ የጨመረው ሁሉ ቀረጡንም ያሳድገዋል። ስለዚህ ከሚቀጥለው ጭነት በፊት ሁለት ሦስት የመርከብ መስመሮችን የመሸጋገሪያ ወደባቸውንና የተጨማሪ ክፍያ ዝርዝራቸውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሚያወዳድሩትም የመጨረሻውን ድምር ከነቀረጡ ይሁን።