የካኑ ሽልማት የላክዳር ሃሚና ነው ወይስ የመንግሥት ብር?

ሰላም ቤተሰብ። ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን፣ እስቲ ፍረዱን። አልጄሪያዊው መሐመድ ላክዳር ሃሚና በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) «የእሳት ዓመታት ዜና መዋዕል» በሚለው ፊልሙ ከፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ወሰደ። ለአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። እኔ ግን ግማሹ ሽልማት የመንግሥት ነው ባይ ነኝ። ሰውዬው አገሩ ነፃ ከወጣች ማግስት ጀምሮ የመንግሥት የዜና ፊልም መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፣ ፊልሙንም ያሠራው የመንግሥት ድርጅት ነው። ብሩ ለአንድ ሰው ሲፈስ ሌላው ዳይሬክተር ምን ይብላ?

— ብር ብቻውን ፊልም ይሠራል እንዴ? የ1966ቱን ፊልሙን «የኦሬስ ነፋስ»ን አይተኸዋል? ፈረንሳዮች ልጇን የወሰዱባት እናት ዶሮ ታቅፋ ከካምፕ ካምፕ ትንከራተታለች። ለዘበኛ ጉቦ መሆኑ ነው። ያቺን ዶሮ የትኛው ሚኒስቴር ነው ያሰባት?

— ዶሮዋን ተዋት! የማወራው ስለ 1975ቱ ነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፊልም ነው፣ በወጪው ያኔም አገሩ ላይ ተወቅሷል።

— እሺ፣ ግን ምን ይላል ፊልሙ? ከ1939 ይነሳና ከፈረንሳይ ጋር የነፃነት ጦርነቱ የፈነዳበት 1954 ላይ ያበቃል። ድርቅ ነው፣ በውሃ የሚጣላ ገበሬ ነው፣ ታይፈስ ነው። ፕሮፓጋንዳ ቢሆን ነፃነት እስከተገኘበት 1962 ድረስ ሄዶ ባንዲራ ይሰቅል ነበር። እውነቱን የሚናገረው ደግሞ አንድ እብድ ነው፣ እብዱን የተጫወተው ራሱ ዳይሬክተሩ።

— እኔ ልግባ። ከዚያው ካዝና እኮ ሌላው አልጄሪያዊ ዳይሬክተር መርዛቅ አሉዋሽም በ1976 «ኦማር ጋትላቶ»ን ሠርቷል። የአልጀርስ ጎረምሳ፣ ቴፑ፣ ካሴት ላይ የሰማት የሴት ድምፅ፣ በቃ። የጦርነት ጀግና የሚባል ነገር የለበትም። ስለዚህ በሩ ለሌላው ተዘግቶ ነበር አትበሉ።

— አንድ ፊልም ጠቅሰህ አታምልጥ። ላክዳር ሃሚና በ80ዎቹ መጀመሪያ ያንኑ ድርጅት ራሱ መርቶታል። ፊልም ሠሪው ራሱ ካዝናውን ሲይዝ ምን ልትል ነው?

— እሱን እኔም አልወደድኩለትም። ግን የመንግሥት ልጅ ነው ካልክ ከ1986 በኋላ ቀጣዩ ፊልሙ ለምን እስከ 2014 ቆየ? በግንቦት 2025 ሲሞትም ያ የተሸለመው ፊልም በ50 ዓመቱ እዚያው ካን የታየው በዚያው ቀን ነው።

— እሱ ይገርማል። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። የዶሮዋን ፊልም እውነቱን ለመናገር አላየሁትም፣ ሊንክ ያለው ወዲህ ይበል።